ቫይረስ ደም ያረጋል፤ አስፕሪን ግን መፍትሔው አይደለም

ሰሞኑን ከሰው ሰው እየተላለፈ በብዙዎች ስልክ ውስጥ የገባ አንድ የጤና ጽሑፍ አለ። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ቫይረስ ትኩሳትና ሳል እንጂ የደም መርጋት አያመጣም፤ ነገሩ የተሰማው ከኮቪድ ክትባት ወዲህ ነው፤ ደም የሚረጋው ስለሚወፍር ስለሆነ ደሙ ወፍራም የሆነው የደጋ ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ የታመመ ሰው ውኃ ይጠጣ፣ ይንቀሳቀስ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልም ደም ያሟሙለታል፤ ትኩሳት የያዘው ሁሉ በየቀኑ አስፕሪን ይዋጥ፤ ዲ-ዳይመር የሚባለው ምርመራ ከፍ ካለ ደም ረግቷልና ደም ማቅጠኛ ይጀመር፤ ወጣትና ልጅ አያሰጋቸውም፤ ፕላትሌቱ (ደም ለማርጋት የሚረዱት ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) የቀነሰ ሰው ደሙ አይረጋም፤ ትኩሳቱ ከለቀቀ ነገሩ አበቃ። ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ይመስላል፤ እውነትም የሆነ ነገር አለበት። ከምክሮቹ አንዳንዶቹ ግን ሰው ሊገድሉ የሚችሉ በመሆናቸው ነጥብ በነጥብ መመለስ ግድ ነው።

«ቫይረስ ደም አያረጋም»

ደም በሥር ውስጥ ሳይረጋ የሚፈስሰው የደም ሥሩ የውስጥ ሽፋን ጤናማ ሲሆን፣ ፍሰቱ ሳይቋረጥ ሲቀጥል፣ እንዲሁም የሚያረጉትና የሚያሟሙት ንጥረ ነገሮች ሲመጣጠኑ ነው። እነዚህን ሦስት ጉዳዮች ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኾ ገና በ1856 እ.ኤ.አ. ጽፎባቸዋል። ከባድ የቫይረስ ሕመም ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ያናጋል።

ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት ሲነሳ ኢንተርሉኪን-6ን የመሳሰሉ መልእክት አድራሽ ፕሮቲኖች በደም ውስጥ ይበዛሉ። እነዚህ ደግሞ ሞኖሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ቲሹ ፋክተር የሚባለውን ፕሮቲን በላያቸው ላይ እንዲያወጡ ያደርጋሉ። ቲሹ ፋክተር በጤና ጊዜ ከደም ጋር አይገናኝም፤ የሚጋለጠው የደም ሥር ሲቆረጥ ነው። ደሙ ውስጥ ከተገኘ ከፋክተር 7 ጋር ተጣምሮ የመርጋቱን ሰንሰለት ያስነሳል፤ በሰንሰለቱ ጫፍ የሚገኘው ትሮምቢን ፋይብሪኖጅንን ወደ ፋይብሪን ክር ይለውጠዋል። ቁስል ሳይኖር ደሙ ቁስል እንዳለ ሆኖ ይሠራል ማለት ነው።

በዚያው ሰዓት ኒውትሮፊል የተባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት የራሳቸውን ዲኤንኤ አውጥተው እንደ መረብ ይዘረጋሉ። ይህ በ2004 እ.ኤ.አ. የተገለጸ የመከላከያ ስልት ነው፤ ተሕዋስ ይያዝበታል፣ ፕላትሌትም አብሮ ይያዝበታል። የተጎዳው የደም ሥር ሽፋን ፕላትሌትን የሚያጣብቀውን ቮን ዊልብራንድ ፋክተር ይረጫል፤ መርጋትን የሚገታው ትሮምቦሞጁሊን ይቀንስበታል። የረጋውን የሚያሟሟው ሥርዓትም ፒኤአይ-1 በተባለ ፕሮቲን ይታፈናል። በዚህ ላይ ሕመምተኛው ለቀናት ተኝቷል፣ አልቧል፣ ውኃም በደንብ አልጠጣም።

በትንሽ መጠን ሲሆን ይህ ሁሉ ጥቅም አለው፤ ተሕዋሱ ከገባበት ቦታ እንዳይስፋፋ በቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ይታገዳል። ጉዳት የሚመጣው ምላሹ ከልክ ሲያልፍና ወደ ትላልቆቹ ሥሮች ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሕመሙ በከፋ ቁጥር የመርጋቱም ዕድል ይጨምራል።

ማስረጃው ከኮቪድ በፊትም ነበር። በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኢንፍሉዌንዛ በላቦራቶሪ የተረጋገጠባቸውን ሰዎች ተከታትሎ፣ በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ሃርት አታክ የምንለው ድንገተኛ የልብ ሕመም የመከሰት ዕድሉ እነዚያው ሰዎች በሌላ ጊዜ ከነበራቸው 6 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች እግራቸው ወይም ሳንባቸው ውስጥ ደም የመርጋት ዕድላቸው ከሌላው ሰው የበለጠ መሆኑም ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በተለይ መድኃኒት ባልጀመሩትና ሲዲ4 የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥራቸው ዝቅ ባለባቸው ላይ። በኢቦላ ደግሞ ያው ቲሹ ፋክተር በመላ ሰውነት ሲለቀቅ ደሙ በየቀጫጭኑ ሥር ይረጋል፤ የማርጊያ ንጥረ ነገሮቹ ተሟጥጠው ሲያልቁም መድማት ይከተላል።

«የክትባት ጉዳይ ነው»

ቀኖቹን ማየት ይበቃል። በኔዘርላንድስ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ የነበሩ 184 የኮቪድ ታማሚዎችን የተመለከተው፣ ከመቶው 31 በሚሆኑት ላይ ከደም መርጋት ጋር የተያያዘ ችግር ያገኘው ጥናት የወጣው በሚያዝያ ወር 2020 እ.ኤ.አ. ነው። በቀጣዩ ወር የታተመ የአስከሬን ምርመራ በኮቪድ የሞቱ ሰዎች ሳንባ ውስጥ ያሉ ቀጫጭን ሥሮችን በኢንፍሉዌንዛ ከሞቱት ጋር አነጻጽሮ፣ የረጉ ጥቃቅን ደሞችን 9 እጥፍ በዝተው አገኛቸው። ያኔ ክትባት የተከተበ ሕዝብ አልነበረም፤ መደበኛው ክትባት የተጀመረው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መባቻ ገደማ ነው።

ጸሐፊው ከክትባት ጋር ያያዙት ነገር ጨርሶ ፈጠራ አይደለም፤ ይህን መሸፋፈን እምነትን ያሳጣል። በአስትራዜኔካና በጆንሰን ክትባቶች ምክንያት አልፎ አልፎ ከባድ የደም መርጋት ተከስቷል። ሰውነት ፒኤፍ4 የተባለውን የራሱን የፕላትሌት ፕሮቲን የሚያጠቃ ፀረ-አካል ይሠራና፣ ብዙውን ጊዜ ከክትባቱ ከ5 እስከ 30 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ደም ይረጋል፤ ደምን ከአንጎል ወደ ልብ በሚመልሱ ሥሮች (ደም መልሶች) ላይ ሳይቀር፤ ፕላትሌት ደግሞ ይቀንሳል። በብሪታኒያ ከ50 ዓመት በታች በሆኑት ላይ ግምቱ ከ50,000 ሰው 1 ገደማ ነበር። ወደ ኢትዮጵያም በየካቲት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ መጀመሪያ የገባው 2.2 ሚሊዮን ገደማ ክትባት አስትራዜኔካ ስለነበር ጥያቄው የሚነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ጸሐፊው ሳይነግሩን ያለፉት አለ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ያው ፀረ-አካል፣ ያው መርጋትና ያው የፕላትሌት መቀነስ ክትባት ሳይወስዱ ጉንፋን በሚያመጣው አዴኖቫይረስ በታመሙ ሰዎች ላይ ተገልጿል። ብርቅ ሕመም ነው፤ ግን ለቫይረሱም የሚሆን ማስረጃ ነው።

«ደም የሚረጋው ስለሚወፍር ነው»

የደም ውፍረት ማለት የቀይ ሕዋሳቱ ብዛት ከሆነ በሂማቶክሪት፣ ማለትም ቀይ ሕዋሳት በደም ውስጥ ባላቸው ድርሻ፣ ይለካል። የሚረጋው ደም ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ልኬት ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም የደም ማነስ ያለበት ሰው እግሩ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። መርጋት የፋይብሪንና የፕላትሌት ሥራ ነው።

የደጋውን ጉዳይ በተመለከተ ጸሐፊው የመረጡት ምሳሌ ራሱ ይቃወማቸዋል። በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎች ተለክተው ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ የሂሞግሎቢን አማካያቸው ለወንድ 15.9፣ ለሴት 15.0 ግራም በዴሲሊትር ነበር። ይህ በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ልኬት አይርቅም። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚታየው የቀይ ሕዋስ መብዛት በእነሱ ላይ አልታየም። ለታመመ ሰው ውኃ መጠጣትና ከአልጋ ተነስቶ መንቀሳቀስ ጥሩ ምክር ነው፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ግን የረጋ ደም አያሟሙም።

«ትኩሳት የያዘው ሁሉ አስፕሪን ይዋጥ»

ከጽሑፉ ሁሉ የሚያሳስበን ይህ ነው።

አስፕሪን የሚሠራው ፕላትሌት ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ የነካውን ፕላትሌት እስከ ዕድሜው መጨረሻ፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ያሰንፈዋል። በደም ቅዳዎች ውስጥ፣ በልብና በአንጎል፣ መርጋቱ በፕላትሌት ስለሚጀምር እዚያ ይጠቅማል። በቫይረስ ጊዜ በብዛት የምናየው የእግርና የሳንባ መርጋት ግን በዋናነት ፋይብሪን ነው፤ ያንን የሚገቱት ሄፓሪን የተባለው በመርፌ የሚሰጥ ደም ማቅጠኛና መሰሎቹ ናቸው። በሙከራም ታይቷል። ሪከቨሪ የተባለው የብሪታኒያ ሙከራ ወደ 15,000 የሚጠጉ ሆስፒታል የተኙ የኮቪድ ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ በቀን 150 ሚሊግራም አስፕሪን ሰጠ። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት በሁለቱም ወገን 17 በመቶ ሆኑ። መርጋት ከ5.3 ወደ 4.6 በመቶ ዝቅ ሲል ከባድ መድማት ከ1.0 ወደ 1.6 በመቶ ወጣ። በአሜሪካ ቤታቸው ሆነው በሚታመሙ 657 ሰዎች ላይ የተሞከረው ደግሞ መርጋቱ በጣም ጥቂት ሆኖ በመገኘቱ ቀድሞ ተቋረጠ፤ አስፕሪኑም የደም ማቅጠኛውም ጥቅም አላሳዩም።

ይህ ኮቪድ መሆኑ በምርመራ ለታወቀ ሰው ነው። ጽሑፉ ግን «ትኩሳት የያዘው ሁሉ» ይላል። በድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ ከታወቀ ወዲህ የደንጊ ትኩሳት በምሥራቁ ቆላ እየተመላለሰ ነው። ደንጊ ፕላትሌትን ያወርዳል፣ የደም ሥሮችንም ያሳሳል፤ በዚያ ላይ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ሲጨመር ድድና አፍንጫ ይደማል፣ ሲብስም ጨጓራ። ከደንጊ አደገኛው ጊዜ ትኩሳቱ የሚለቅበት፣ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ያለው ነው፤ ሰውየው «ተሻለኝ» ብሎ ክኒኑን የሚቀጥለውም ያኔ ነው። ምርመራ ሳይደረግ ትኩሳቱ ደንጊ ይሁን ኢንፍሉዌንዛ በዓይን አይለይም። ለሕፃናትና ለታዳጊዎች ነገሩ ይከፋል፤ በኢንፍሉዌንዛና በጉድፍ (ቺክንፖክስ) ጊዜ አስፕሪን መስጠት ጉበትንና አንጎልን ከሚያጠቃው የሬይ ሕመም ጋር ተያይዟል። ጨጓራ አልሰር ያለበት ሰውም ለመድማት ሩቅ አይደለም።

ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ለአዋቂ 500 ሚሊግራም ወይም 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ሳያልፍ፤ ጉበቱ የታመመ ወይም ክብደቱ አነስተኛ የሆነ ሰው ደግሞ ከዚህ ያነሰ። ከዚህ በፊት ለልብ ወይም ለስትሮክ አስፕሪን የታዘዘለት ሰው ግን ይህን አንብቦ በራሱ አያቁም፤ ያዘዘለትን ሐኪም ይጠይቅ።

«ዲ-ዳይመር ከፍ ካለ ደም ረግቷል»

ዲ-ዳይመር የተሠራ ፋይብሪን ሲሟሟ የሚቀረው ስባሪ ነው። ስለዚህ ፋይብሪን በተሠራበት ቦታ ሁሉ ይወጣል፤ በሳንባ ምች፣ በቲቢ፣ በእርግዝና፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ በካንሰር፣ በዕድሜም ብቻ። በቫይረስ ታሞ የተኛ ሰው ዲ-ዳይመሩ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። የምርመራው ጥቅም በተቃራኒው ነው፤ ሐኪሙ ጥርጣሬው ዝቅተኛ ሲሆንና ውጤቱም ከመለኪያው በታች ሲሆን መርጋት የለም ብሎ ለማሰናበት። ጥርጣሬው ከፍ ያለ ከሆነ በዲ-ዳይመር ጊዜ ሳይባክን ወደ አልትራሳውንድ ይኬዳል፤ ምክንያቱም ያኔ ዝቅተኛ ውጤት አያስተማምንም።

ቁጥሩን ለማንበብም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተለመደው መለኪያ 500 ናኖግራም በሚሊሊትር ነው፤ አንዳንድ ላቦራቶሪ ያንኑ 0.5 ማይክሮግራም ብሎ ይጽፈዋል፤ በሌላ ዓይነት አሃድ የሚሠራ መሣሪያ ደግሞ ግማሹን፣ 250 ገደማን፣ መለኪያ ያደርጋል። ሁለት ላቦራቶሪ ያወጣውን ቁጥር አሃዱን ሳያዩ ማወዳደር «በሁለት ቀን እጥፍ ሆነ» የሚል የሐሰት ድንጋጤ ይፈጥራል። ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው መለኪያው ዕድሜው በ10 ተባዝቶ ይወሰዳል፤ ለ70 ዓመት አዛውንት 700 መሆኑ ነው።

«ከፍ ካለ ደም ማቅጠኛ ይጀመር» የሚለውም አያስኬድም። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጡ ትልልቅ የሄፓሪን ሙከራዎች ለመርጋት ሕክምና የሚሰጠውን ሙሉ መጠን ከመከላከያው መጠን ጋር አነጻጽረዋል። ሆስፒታል ተኝተው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ባልገቡት ላይ ሙሉው መጠን ጠቀመ፤ ያለ አካል መደገፊያ መሣሪያ የዳኑት ከ76.4 ወደ 80.2 በመቶ ከፍ አሉ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል በገቡት ላይ ግን ያው መጠን አልጠቀመም፤ ከባድ መድማቱ 3.8 በመቶ ደረሰ፣ በመከላከያው ወገን 2.3 ነበር። በአንድ ቫይረስ፣ በአንድ መድኃኒት፣ ልዩነቱን ያመጣው የሕመሙ ደረጃ ነው። ይህን ውሳኔ ላቦራቶሪ ወረቀት ብቻ ይዞ ፋርማሲ የሄደ ሰው ሊወስነው አይገባም።

«ወጣትና ልጅ አያሰጋቸውም»

ዕድሜ ዋና አጋላጭ ነው፤ ብቸኛው አይደለም። ጉድፍ የወጣበት ልጅ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስትሮክ ሊይዘው ይችላል፤ ቫይረሱ የአንጎል ደም ቅዳዎችን ስለሚያቆስል። አልፎ አልፎም ከጉድፍ በኋላ ሰውነት መርጋትን የሚገታውን ፕሮቲን ኤስ የሚያጠፋ ፀረ-አካል ይሠራና የልጁ ቆዳ በጥቁር ሐምራዊ ንጣፍ ይሸፈናል። ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ነፍሰ ጡር፣ በ6 ሳምንት ውስጥ የወለደች እናት፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ የምትወስድ ሴትም ወጣት ብትሆንም በቫይረስ ጊዜ ተጋላጭነቷ ይደረባል።

«ፕላትሌቱ የቀነሰ ሰው ደሙ አይረጋም»

ፕላትሌት የሚያንሰው አንድም በበቂ ስለማይመረት፣ አንድም እየረጋ ስለሚያልቅ ነው፤ ሁለተኛው ከሆነ የቁጥሩ ማነስ የመርጋት ምልክት ነው። ከኤችአይቪ ጋር ሊመጣ የሚችል፣ ደም በየቀጫጭኑ ሥር የሚረጋበት ቲቲፒ የተባለ ሕመም አለ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀይ ሕዋሳቱ በረጉት ጥቃቅን ደሞች ላይ ተከትፈው የራስ ቁር ወይም የተሰበረ ገል መስለው ይታያሉ። እዚያ ላይ «ፕላትሌቱ ወርዷል» ብሎ ፕላትሌት መስጠት፣ ለሕይወት የሚያሰጋ መድማት ከሌለ በቀር፣ ይሸሻል። ሄፓሪን የጀመረ ሰውም ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ፕላትሌቱ በግማሽ ከወረደ መድኃኒቱ ራሱ መርጋት እያመጣ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ይጣራል። በሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ጉበቱ የጠጠረ ሰው አይኤንአሩ (ደሙ ለመርጋት የሚዘገይበት ልኬት) ከፍ ማለቱም ከመርጋት አያድነውም፤ ወደ ጉበት የሚገባው ትልቁ ደም መልስ ሊዘጋበት ይችላል።

«ትኩሳቱ ከለቀቀ አበቃ»

አላበቃም። በስዊድን ከ1 ሚሊዮን በላይ የኮቪድ ታማሚዎችን የተከታተለውና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት የእግር ደም መርጋት ዕድል እስከ 3 ወር፣ የሳንባው እስከ 6 ወር ከፍ ብሎ እንደሚቆይ አሳይቷል፤ ሆስፒታል ባልተኙትም ላይ። በጥቅሉ ሲታይ ግን ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት የሳንባ መርጋት የደረሰባቸው 0.17 በመቶ ናቸው። ስለዚህ ሁሉም ሰው መድኃኒት ይውሰድ አይባልም፤ ሁሉም ሰው ግን ምልክቱን ማወቅ አለበት።

አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ፣ ባት ሲያምና ሲሞቅ በሜትር ይለካ፤ ከጉልበት በታች ከሚዳሰሰው የአጥንት ጉብታ 10 ሴንቲሜትር ወርዶ የሁለቱም ባት ዙሪያ። ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ልዩነት ካለ አንድ ነጥብ ነው፤ በቅርብ 3 ቀንና ከዚያ በላይ ተኝቶ ከነበረ ሌላ ነጥብ፤ ሌላ ግልጽ ምክንያት ካልተገኘ ሁለቱ ብቻ ለጠንካራ ጥርጣሬ ይበቃሉ። ያበጠውን ባት ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸት አይገባም፤ የረጋው ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። አልትራሳውንዱ ቀላል ነው፤ ባለሙያው መሣሪያውን ብሽሽትና ከጉልበት ጀርባ ላይ አድርጎ ይጫናል፤ ጤነኛ ደም መልስ ሲጫኑት ይጨፈለቃል፣ የረጋ ደም ያለበት አይጨፈለቅም። ከጉልበት በላይ ብቻ ታይቶ ነጻ ከሆነ፣ ጥርጣሬውም ካልጠፋ፣ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ ደረት፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ራስን መሳት፣ የፊት ወይም የእጅ መዝለል ሲኖር ግን ነጥብ አይቆጠርም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው።

መርጋቱ ከተረጋገጠ ሕክምናው ቢያንስ 3 ወር ነው። የሄፓሪን ዓይነት የሆነው ኢኖክሳፓሪን በኪሎ 1 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ይሰጣል፤ ኩላሊቱ በጣም ለደከመ በ24 ሰዓት አንዴ። የሚዋጠው ደም ማቅጠኛ ሪቫሮክሳባን 15 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ለ21 ቀን፣ ከዚያ 20 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ ሁልጊዜ ከምግብ ጋር፤ በባዶ ሆድ ከተዋጠ ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ሌላው የሚዋጥ ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ከሆነ ከሄፓሪን ጋር ቢያንስ 5 ቀን መደራረብ አለበት፤ ዋርፋሪን መጀመሪያ የሚያወርደው መርጋትን የሚገታውን ፕሮቲን ሲ ስለሆነ ብቻውን ሲጀመር ደም ሊያረጋ ይችላል። የአይኤንአር ግቡ ከ2 እስከ 3 ነው። ለነፍሰ ጡር ዋርፋሪንም ሪቫሮክሳባንም ሳይሆን ሄፓሪን።

አገራችን ውስጥ በተደጋጋሚ የሚያበላሸው ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያለው ግጭት ነው። የቲቢው ሪፋምፒሲን የሪቫሮክሳባንን መጠን በጣም ስለሚያወርድ አብረው አይሰጡም። ዋርፋሪንንም ያዳክማል፤ ሐኪሙ መጠኑን እየጨመረ አይኤንአሩን ያስተካክላል፣ ከዚያ ታማሚው የ6 ወር የቲቢ ሕክምናውን ጨርሶ ሪፋምፒሲኑን ሲያቆም ዋርፋሪኑ በዚያው ከፍተኛ መጠን ከቀጠለ በሳምንታት ውስጥ አይኤንአሩ በጣም ከፍ ይላል፣ ይደማል። ስለዚህ ሪፋምፒሲን ባቆመ በመጀመሪያው ሳምንት አይኤንአር ይታያል፤ ከዚያም እስኪረጋጋ በየሳምንቱ። ኤችአይቪ ላለበት፣ ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ከሪቫሮክሳባን ጋር አይጋጭም፤ ሪቶናቪር ያለበት ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና ግን ሪቫሮክሳባንን ስለሚያበዛው መድማት ያመጣል።

ጎመንም አለ። በዓቢይ ጾም ሥጋና ወተት ተትቶ ጎመን በየቀኑ ሲበላ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ኃይል ያደክማል፤ ከፋሲካ በኋላ ጎመኑ ድንገት ሲቀር ደግሞ አይኤንአር ይወጣል። ጎመን አትብሉ አይባልም፤ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ መጠን ይበላ፣ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንትና በተፈታ በሁለተኛው ሳምንትም አይኤንአር ይለካ።